ቤት በወግ የምታፈርስ ሴት

ሥራዋ ማፍረስ ነው። ሰው ሲጠይቃት ሳታመነታ «አፍራሽ ነኝ» ትላለች፤ ጠያቂው ክው ሲል ደግሞ ደስ ይላታል። አንዴ አንድ ቀልደኛ «ምን ታፈርሻለሽ? ትዳር?» ቢላት፣ «ለትዳርማ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይበቃሉ፤ እኔ የማፈርሰው ቤት ነው» ብላ አፉን አስያዘችው። አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን አዞረች።

እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው። የግንባታ ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ጉጠት» በሚል ነው፤ ዕድሜዋ ገፋ ሲል «እትዬ» ተጨመረበትና «እትዬ ጉጠት» ሆነች። ስሙ የወጣላት በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያኔ የቀን ሠራተኛ ነበረች፤ አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ ቤት ሲፈርስ ፍርስራሹን እየተሸከመች መኪና ላይ ትጭናለች። በሁለተኛው ቀን ሁለት ጎረምሶች የሳሎኑን በር ከነመቃኑ በመዶሻ ሲያደቁት አየች። በሩ ወፍራም፣ እጅ ላይ የሚከብድ፣ ገና የልጅ ልጅ የሚያሳድግ እንጨት ነበር።

«ይሄ በር ምን አጠፋ?» አለች ለአለቃቸው።

«አንቺ ሥራሽ መሸከም ነው፤ ጥብቅና አይደለም» አላት።

ተሸከመች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሌላው ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል፣ እሷ ከአናጺው ጉጠት ለምና ከሚቀጥለው በር ሥር ቁጭ አለችና ምስማሩን አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ አራት በርና አሥራ አንድ መስኮት ግቢው ጥግ ተደርድሮ፣ አጠገቡ አንድ ጣሳ ሙሉ የተቃና ምስማር ተቀምጦ ይታይ ነበር። «የዚች ልጅ ምሳ ምስማር ነው» እያሉ ሳቁባት። ስሙም በዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት የሚሠራ አንድ ሰው መጣ። በሮቹን እያገላበጠ ሲያያቸው ቆየና አራቱንም ጭኖ ሄደ። ያን ቀን ዓለም ሁሉ ተገለጠላት ማለት ማጋነን ነው። የገባት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ መዶሻ የሚይዝ ሞልቷል፤ ጉጠት የሚይዝ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ። ሱቅ አፍርሳለች፣ ትምህርት ቤት አፍርሳለች፣ ሲኒማ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ አንዴ ደግሞ የባለቤቱ ልጆች በውርስ ሲጣሉ ሠላሳ ዓመት ተቆልፎ የኖረ ቪላ። ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ተምራለች። ጡቡ በኖራ የተገነባ እንደሆነ በመሮ ነካ ሲደረግ ይለቃል፤ ታጥቦ ሌላ ግድግዳ ይገባል። በሲሚንቶ የተገነባ እንደሆነ ግን ሲሚንቶው ከጡቡ ስለሚጠነክር፣ ላላቅቅህ ሲሉት ጡቡ ራሱ ይሰበራል። በብሎን የታሰረ ብረት ይፈታል፤ የተበየደ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ደግሞ ያጥራል። ጠንካራ እንጨት ምስማር ቢነቀልበት ቁስሉ ይሽራል። በሙጫ ከተጋገረ የእንጨት ዱቄት የተሠራው የዘመኑ ቁም ሣጥን ግን አንዴ ከተፈታ አለቀለት፤ ቀዳዳው ሁለተኛ ብሎን አይይዝም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ስታይ ሆዷ ይባባል። «ይሄን የሠራው ሰው አንድ ቀን እንኳ ቤት ቀይሮ የሚያውቅ አይመስለኝም» ትላለች።

የራሷ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ወለሉ የዳንስ አዳራሽ ነበር፤ አሁንም ጥግ ጥጉ ላይ የጫማ ተረከዝ የበላው ቦታ ይታያል። የወጥ ቤቷ መስኮት የአውቶቡስ ትኬት መሸጫ ነበረች፤ ከሥሯ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አላት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባሏ በዚያች ቀዳዳ አጎንብሶ «ሁለት ሻይ! የመጀመሪያው መኪና ይሁንልኝ!» ይላል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይሰለቸው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከአፉ መርፌ የማይጠፋ ሰው ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ስትፈታ ትውላለች፣ እሱ ሲሰፋ ይውላል፤ ማታ ሲገናኙ የሚጣሉበት ነገር የለም።

ወደ ክር ፋብሪካው እንምጣ።

መሀል ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከተዘጋ ብዙ ዘመን የሆነው የክር ፋብሪካ ነበር። በቦታው የሰፈር የገበያ አዳራሽ ሊሠራ ተወሰነ። እትዬ ጉጠት ወሬውን እንደሰማች እንደ ልማዷ በርና መስኮቱን ለመጠየቅ ሄደች። ግቢው ውስጥ አንድ ቢጫ እስካቫተር ቆሟል። ተቋራጩ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ስልኩን ከጆሮው የማይለይ ሰው፣ ሾፌሩን «ሰኞ ጀምረህ ሐሙስ ሜዳ አድርግልኝ» ይለዋል። ከጎኑ ጥቅል ንድፍ ያቀፈች፣ ነጭ ጫማዋ በአቧራ የቀላባት ወጣት ሴት ቆማለች። አዲሱን አዳራሽ የነደፈችው አርክቴክት ነበረች።

እትዬ ጉጠት ሰላምታ ሰጠች፤ ፈቃድ ጠይቃም ወደ ውስጥ ዘለቀች። መጀመሪያ ወደ ላይ ነው ያየችው። የጣሪያው ብረቶች ከዳር እስከ ዳር በብሎን የተያያዙ ናቸው፤ አንድም ብየዳ የለም። ከዚያ ግድግዳውን በጥፍሯ ቧጠጠች። ነጭ ዱቄት ወረደ። ኖራ! መስኮቶቹን ቆጠረች፤ ሰባ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም አንድ ልክ።

ስትወጣ በር ልትጠይቅ መምጣቷን ረስታዋለች።

«ጌታው» አለች ለተቋራጩ፣ «ይሄን ቤት በእስካቫተር አይንኩት። አርባ ቀን ይስጡኝ፤ እኔ ፈትቼ አስረክብዎታለሁ። ጡቡ፣ ብረቱ፣ እንጨቱ፣ ሁሉም ደህና ነው። አዲሱን ቤት በዚሁ መሥራት ይቻላል።»

ተቋራጩ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። «አርባ ቀን? እኔ በአራት ቀን የምጨርሰውን? ሴትዮ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?»

«በአራት ቀን ጨርሰው ምን ሊዘሩበት ነው?»

«ምን?»

«አይ፣ መሬቱን ነዋ። በአራት ቀን ሜዳ ካደረጉት ምን ሊዘሩበት ነው? የግንባታ ፈቃዱ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል ሲባል ሰማሁ። በሩ ላይ ዘበኛው ነው የነገረኝ።»

አርክቴክቷ ሳቋ አመለጣት። ተቋራጩ ወደ እሷ ሲዞር ቶሎ ዋጠችው፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር። ፈቃዱ አልወጣም።

«ጡቡ ደህና መሆኑን በምን አወቁ?» አለች አርክቴክቷ።

እትዬ ጉጠት መልስ በመስጠት ፈንታ ከቦርሳዋ መሮ አወጣች። ከፈረሰ መስኮት ጠርዝ አንዱን ጡብ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገችው፤ ሦስት ጊዜ ብቻ። ጡቡ እንደ ተነቃነቀ ጥርስ እጇ ላይ ወጣ። ዘበኛው እግሩን ከሚታጠብበት ባልዲ ውስጥ ነክራ አሸችውና ለልጅቱ ሰጠቻት። ቀይ፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ ጡብ ነው። ጀርባው ላይ፣ ገና ጭቃ እያለ ውሻ ሄዶበት ኖሮ፣ አራት ጣት ያለው ዳና ታትሞበታል።

ልጅቱ ጡቡን አገላብጣ ስታየው ቆየች። ከዚያ ተቋራጩን ለብቻው ወስዳ አነጋገረችው። ምን እንዳለችው እትዬ ጉጠት አልሰማችም፤ ያየችው ተቋራጩ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ነው። ሲመለስ፣ «አርባ ቀን። አርባ አንደኛው ቀን ላይ እስካቫተሩ ይገባል፤ ውስጥ ብትሆኚም አይቀርልሽም» አላት።

«ውስጥ አልሆንም፤ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ነው የሚያገኙኝ» አለች።

አሥራ ሁለት ሰው ሰበሰበች፤ ስምንቱ ሴቶች ናቸው። የአፈራረሷ ሥርዓት ቀላል ነው፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። ስለዚህ ከጣሪያ ጀመሩ። ቆርቆሮው ወረደ፤ ብሎኖቹ ዘይት ጠጥተው አንድ ሌሊት ካደሩ በኋላ አንድ በአንድ ተፈቱ፤ ብረቶቹ በገመድ ታስረው ቀስ ብለው መሬት ደረሱ። መስኮቶቹ ቁጥር ተጻፈባቸው። ጡቡ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ በመሮ ያላቅቃሉ፣ አራቱ ኖራውን ይፍቃሉ፣ ሁለቱ ይደረድራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ተቋራጩ በየቀኑ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መሳቁን ተወና መቁጠር ጀመረ። አንድ ቀን እንዲያውም የጡቡን ክምር በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ ማንም ያላየው መስሎት አንዱን አንስቶ ሸተተው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጉድ ፈላ። የፋብሪካው የኋላ ክንፍ ላይ ደርሰው አንዷ ሠራተኛ መሮዋን ብትሰነዝር ጡቡ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እትዬ ጉጠት መጥታ ከላይ የተቀባውን ኖራ ፈቀፈቀችው። ከሥሩ ግራጫ ነገር ብቅ አለ። ሲሚንቶ! ክንፉ ኋላ የተቀጠለ ኖሯል፤ ላዩን ኖራ ቀብተው አመሳስለውታል። የመጀመሪያው ቀን የፊት ለፊቱን ብቻ ቧጥጣ የኋላውን ሳታይ ነው አፏን ሞልታ የተናገረችው። ከጡቡ ሲሶው ከእጇ ወጣ ማለት ነው።

ተቋራጩ ወሬው ደርሶት ከች አለ። «እህ፣ ሁሉም ደህና ነው ያልሽው የት ደረሰ?»

«ተሳስቻለሁ» አለች። ሰውዬው የሚጣላው አጥቶ ተመለሰ።

የዚያን ቀን ማምሻ ላይ ቤቷ ገብታ እጇን ሳትታጠብ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ባሏ የአንዲት የጎረቤት ልጅ ቀሚስ ይዞ ጠርዙን እየፈታ ነበር።

«ምን ሆንሽ ጉጠቴ? ፊትሽ ያልተተኮሰ ጨርቅ መስሏል።»

ነገረችው። እሱ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ ሰማትና፣ «ጨርቅ ሲያንሰኝ ምን የማደርግ ይመስልሻል?» አለ።

«ታሳጥራለህ።»

«አላሳጥርም። ዲዛይኑን እለውጣለሁ። እጀ ሙሉ ያሉትን ጉርድ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ‹በሙቀት ጊዜ ይሻላል› እላለሁ።» ከዚያ የያዘውን ቀሚስ ገልብጦ አሳያት። ከውስጥ አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ተቀምጦበታል። «ይሄ ደግሞ አምና ስሰፋ የተውኩላት ነው። ልጅ ያድጋል። የሚያድግ ሰው ልብስ ጠርዙ ላይ ትርፍ ከሌለው፣ ሰፊው ሰፊ አይደለም፤ ሌባ ነው።»

እትዬ ጉጠት ቀሚሱን ተቀብላ ትርፉን በጣቷ ለካችው። ከዚያ ተነሥታ ታጠበች፤ እራቷንም ጥርግ አድርጋ በላች።

በማግስቱ አርክቴክቷ ቢሮ ሄደች። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ንድፎች፣ መስኮቱ ላይ የደረቀ አበባ። ልጅቱ የሆነውን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። ንድፉ ላይ የውጭው ግድግዳ እስከ ጣሪያ ድረስ ጡብ ነው፤ ያለው ጡብ ደግሞ አይደርስም።

«ልጄ፣ ግድግዳው ለምን ጣሪያ ድረስ ይሄዳል?» አለች እትዬ ጉጠት።

«እ... ግድግዳ ስለሆነ።»

«ገበያ እኮ ነው። ሽንኩርት አየር ይፈልጋል፤ ሰውም ይፈልጋል። እስከ ትከሻ ድረስ ጡብ አድርጊው። ከዚያ በላይ ሰባ ሁለት መስኮት አለሽ፤ ዙሪያውን ደርድሪያቸው። ጠዋት ይከፈታሉ፣ ማታ ይዘጋሉ። ያ የተሰባበረው ጡብ ደግሞ ተወቅጦ ወለሉ ሥር ይግባ።»

ልጅቱ እርሳስ አነሣች። ስትስል፣ ስታጠፋ፣ ስትስል አንድ ሰዓት ሆነ፤ እትዬ ጉጠት የቀረበላትን ሻይ ሁለት ጊዜ ጨረሰች። በመጨረሻ ልጅቱ ወረቀቱን አዞረችላት። እስከ ጣሪያ የሚሄደው ድፍን ግድግዳ ጠፍቷል። በቦታው ዝቅ ያለ ቀይ ግድግዳና ከላዩ እንደ ሐብል የተደረደሩ መስኮቶች አሉ።

«ከመጀመሪያው ይሻላል» አለች አርክቴክቷ፤ ትንሽ የከፋት ትመስላለች።

«ይሻላል» አለች እትዬ ጉጠት። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ጫማ ጠጋኙ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ማን?»

«ጫማ ጠጋኙ፣ ሬዲዮ ሠሪው፣ የጃንጥላ ሽቦ የሚቀጥለው። እዚህ ላይ የሚታየኝ የሚሸጥ ብቻ ነው። የሚጠገንበት ከሌለ ሰው ምን ያደርጋል? ጥሎ ሌላ ይገዛል።»

በመንገዱ በኩል ስድስት ትንንሽ ክፍል ተጨመረ። ማታ ይህን ለባሏ ስትነግረው «ታዲያ አንዷን ለኔ አልያዝሽልኝም?» አላት። «አንተማ ሱቅ አለህ። ‹ለባሏ ቦታ ያዘች› ሊያስብለኝ ነው?» አለችው። እሱም «እውነትሽን ነው» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ግቢው ባዶ ሆነ። ያን ዕለት ተቋራጩ ሲመጣ ቃሏን ጠብቃ ጡብ ላይ ቁጭ ብላ ሻይ እየጠጣች አገኛት። አጠገቧ ተቀመጠና የሷን ፔርሙስ ከፍቶ ለራሱ ቀዳ።

ትልቁ ጭቅጭቅ የመጣው ግን ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ነው። አርክቴክቷ የመጨረሻው ስብሰባ ላይ እትዬ ጉጠትንም ጠርታት ነበር። ንድፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ሁሉም አየ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እሷ ተራዋ ሲደርስ፣ «ሁሉም ጥሩ ነው። ይሄ ቤት ሲፈርስ እንዴት ነው የሚፈርሰው?» አለች።

ተቋራጩ ወንበሩ ላይ ተንሸራተተ። «ምነው እትዬ! ገና መሠረቱ ሳይወጣ? አፍሽን በቆረጠው!»

«አይቆጡ። ያ የክር ፋብሪካ ሲሠራም ለዘላለም ነው ብለው ነበር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያፈረስኩት ሁሉ ‹ለዘላለም› ነው የተባለ ነው። ሰፈር ይለወጣል፤ መንገድ ይሰፋል፤ ሰው ይበዛል። ቤት ትርፍ ጨርቅ ያስፈልገዋል። ግድግዳው በኖራ ይገንባ፤ የጣሪያው ብረት እንደነበረው በብሎን ይታሰር። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«ኖራ ይዘገያል! ግንበኞቼም አያውቁትም!»

«የሚያውቅ ሰው አለኝ።»

ያለችው ሰው ጡረታ የወጡ አዛውንት ግንበኛ ነበሩ። አንድ ዓይናቸው ታውሯል፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ቀኑን ሙሉ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲቆጡ ይውላሉ። «አባባ፣ ኖራ የሚያስተምር ጠፋ» ስትላቸው ባርኔጣቸውን አነሡና መጡ። ስምንት ግንበኞች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ያመለክታሉ፤ «አትቸኩል! ሲሚንቶ አይደለም የሚያሳድድህ!» እያሉ ይጮኻሉ። ግንበኞቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንዱ የራሱን ቤት አጥር በኖራ ሊሠራ መሆኑን ሲያወራ ተሰማ።

ሁሉም ነገር እሷ እንዳለችው አልሆነም። መሠረቱና የውሃው ቦታ በሲሚንቶ ተሠራ፤ እዚያ ላይ ተቋራጩ ትክክል ነበር፤ እሷም አልተከራከረችም። በአንዱ ጎን ያለ የበር መቃን ላይ አናጺው በጥድፊያ ሙጫ ተጠቅሞ ደረሰችበት፤ ተጣልታው ሳምንት ሳይነጋገሩ ቆዩ። ቢሆንም አዳራሹ ተሠራ። ሲከፈት ሻጮቹ መጀመሪያ ያመሰገኑት ነፋሱን ነው። በመንገዱ በኩል ያሉት ስድስት ክፍሎች ደግሞ ከአዳራሹ ይልቅ ይጨናነቃሉ፤ ሰው ገበያ ሲወጣ የተበጠሰ ጫማ፣ ድምፅ የጠፋው ሬዲዮ፣ እጀታው የወለቀ ድስት ይዞ መውጣት ለመደ። ጫማ ጠጋኙ «ድሮ ሰው እኔን የሚያስታውሰኝ ጫማው ዝናብ ሲያስገባ ብቻ ነበር» ይላል።

አዛውንቱ ግንበኛ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። እትዬ ጉጠት ቀብራቸው ላይ ስምንቱንም ግንበኞች አየች፤ አንዳቸውም አልቀሩም።

በአራተኛው ዓመት መንገዱ ይስፋ ተባለ። መሐንዲሶች መጥተው በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። በዚያ ጎን ያሉ ሕንጻዎች ሁሉ ከፊታቸው ስምንት ሜትር ይቆረጣሉ፤ የገበያ አዳራሹም ከነጠጋኞቹ ስድስት ክፍል። ሻጮቹ ተሸበሩ። የጎረቤቱ ባለ መስታወት ሕንጻ ላይ እስካቫተር ገባ፤ ከፊቱ ተቦጨቀና ብረቱ እንደ አንጀት ተንጠልጥሎ ቀረ። አቧራው ለሦስት ቀን ሰፈሩን ሸፈነው።

በአራተኛው ቀን የእትዬ ጉጠት ስልክ ጮኸ። ተቋራጩ ነበር።

«እትዬ ጉጠት፣ ነይ።»

«የት?»

«ነይና አፍርሺልኝ እንጂ! ሰው ሁሉ አንቺን እየጠበቀ ነው። እስካቫተሩን መልሼዋለሁ። ያ ያልሽው ትርፍ ጨርቅ አሁን ነው የሚለካው።»

ሄደች። ስምንቱ ግንበኞችና የድሮ ሠራተኞቿ ተሰብስበው ጠበቋት። በመጀመሪያው ቀን ጣሪያው ወረደ። ብሎኖቹ ዘይት እንኳ አልጠየቁም። በመሮ የተነካ ጡብ ሁሉ ሳይሸረፍ ወጣ፤ እንደ ገና ታጥቦ ተደረደረ። አዳራሹ ከኋላ በኩል ባዶ ቦታ ነበረው፤ ከፊት የተነሣው ሁሉ እዚያ ሄዶ ተተከለ። ሻጮቹ በመጀመሪያ ቆመው ያዩ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጡብ ማቀባበል ጀመሩ። ጫማ ጠጋኙ የራሱን ክፍል በር ራሱ ተሸክሞ ወሰደ፤ «ማንም አይንካብኝ» እያለ። አናጺው ግን ያ በሙጫ ያጣበቀው መቃን አልለቅ ብሎት ሲታገል ዋለ፤ እትዬ ጉጠት በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብሎ አላየም። በመጨረሻ መቃኑ ተሰነጠቀ። «እሺ፣ ገብቶኛል፤ አንድም ቃል እንዳትናገሪ» አላት። አልተናገረችም፤ ፊቷን ግን መቆጣጠር አልቻለችም።

ስድስተኛው ቀን ላይ ተቋራጩ ሸሚዙን ሰብስቦ የብሎን መፍቻ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፤ አላነሣውም። አንድ ብሎን አስሮ ሲጨርስ ወደ ታች ተጣራ። «እትዬ፣ ይሄ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታ ማን ይፈታዋል?»

«እርስዎ ያሰሩትን? ለማላላት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እርስዎ ሲያስሩ ልክ የለዎትም» አለች።

በዘጠነኛው ቀን አለቀ። አዳራሹ በአንድ ጎኑ አጥሮ በሌላው ጎኑ ረዘመ፤ ሥራ የፈቱት ጠጋኞቹ ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የቆሙት። በሳምንቱ እትዬ ጉጠት ሽንኩርት ልትገዛ ብትሄድ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣች አዲስ ሻጭ አዲሱ ጥግ ላይ ተቀምጣ አገኘች።

«ይሄ ጥግ ድሮም እንዲህ ነበር አይደል?» አለቻት ሻጯ እየመዘነች።

«አዎ፣ ድሮም» አለች እትዬ ጉጠትና ሽንኩርቷን ተቀብላ ወጣች። ለባሏ ስትነግረው መርፌው ከአፉ ወድቆ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተንበርክከው ሲፈልጉ አመሹ።

ከዚያ ወዲህ የከተማው ግንባታ ቢሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ይጠራታል። ወጣት መሐንዲሶች ንድፋቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን «አንዲት ያልተማረች አፍራሽ ልትፈርድብን?» ያለ ነበር፤ የሰማችው ራሷ ናት፤ ለአርክቴክቷም አልተናገረችም። አሁን ግን ጥያቄዋን ስለሚያውቁት ከመግባታቸው በፊት መልሱን ያዘጋጃሉ፤ አንዳንዱ እንዲያውም «እንዴት ይፈርሳል» የሚል አንድ ገጽ ስሎ ይመጣል። ባለፈው ወር አንድ ልጅ የጤና ጣቢያ ንድፍ ይዞ ቀረበ። ግድግዳዎቹ በሙሉ ከቦታ ቦታ የሚዛወሩ ናቸው፤ ክፍሉ ሲያስፈልግ ይሰፋል፣ ሲያስፈልግ ይጠባል። እትዬ ጉጠት ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አየችው። አንድም የምትጠይቀው አላገኘችም። «ማን አስተማረህ?» አለችው።

«ማንም። አባቴ ቤት ሲከራይ ሲከራይ ነው ያደግኩት፤ ዘጠኝ ጊዜ ዕቃ ተሸክሜያለሁ» አላት።

«በቃ፣ ሂድ ሥራው» አለችና ፈረመችለት።

የቀረውን ሳምንት ግን የምትውለው ሥራዋ ላይ ነው። በዚህ ሰሞን አንድ አሮጌ ሆቴል ይዛለች። ቤቱ ክፉ ነው፤ ሁሉም ሲሚንቶ፣ ሁሉም ብየዳ፤ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጥላ ፎቅ በፎቅ እየወረደች ነው። እስካሁን አርባ ሁለት የእጅ መታጠቢያ ሳህን አንዱም ሳይሰነጠቅ ወጥቷል።